ፕሮቲንን የሚፈቱ ኤንዛይሞች፦ ከቆጮ ጉድጓድ እስከ ሶዳ ሐይቅ

በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀርበው ቆጮ ለሽያጭ ከመብቃቱ በፊት ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት የሚበልጥ ዘመንን በመሬት ውስጥ ያሳልፋል። የጉራጌ እናቶች የእንሰቱን ግንድ ፍቀው፣ ሥሩን ከትክተው፣ እርሾ ጨምረው፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ድንጋይም ይጭኑበታል። በየጊዜው እየከፈቱ ያገላብጡታል፤ ሽታውንና ልስላሴውን መርምረውም ደርሷል ወይም አልደረሰም ብለው ይፈርዳሉ። በዚያ ጨለማ ጉድጓድ የሚካሄደው ሥራ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በኤንዛይሞቻቸው አማካይነት የሚፈጽሙት የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ከእነዚህ ኤንዛይሞች መካከል የፕሮቲንን ሰንሰለት የሚቆርጡት ከሁለት መቶ ዓመት ያላነሰ የሳይንስ ታሪክ አላቸው፤ ከታሪኩም አንዱን ምዕራፍ የጻፉት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የተባሉ ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ አጭር ቁራጭ ፔፕታይድ ይባላል፤ አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው ጋር የሚያስተሳስረውም ማሠሪያ የፔፕታይድ ትስስር ተብሎ ይጠራል። ይህ ትስስር እጅግ ጽኑ ነው። በቤተ ሙከራ ሊፈቱት የሚሹ ሰዎች ፕሮቲኑን በብርቱ አሲድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት መቀቀል ግድ ይሆንባቸዋል። በመስቀል በዓል ከቆጮ ጋር የሚቀርበው ክትፎና አይብ ግን በሰው ሆድ ውስጥ፣ ያለ እሳት፣ በጥቂት ሰዓት ይፈታል። ቆጮ በራሱ የፕሮቲን ድኻ በመሆኑ የጉራጌ ማዕድ ጉድለቱን የሚሞላው በእነዚህ ነው። ያለ እሳት የሚፈጸመው ይህ ሥራ በምን ኃይል እንደሚከናወን ማወቅ የሊቃውንትን ልብ ለረጅም ዘመን ይዞ ኖሯል።

በ18ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ከእንስሳት ጨጓራ የተወሰደ ፈሳሽ ከአካል ውጭም ቢሆን ሥጋን እንደሚያሟሟ በሙከራ አሳየ። በ1836 ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ከአሲዱ የተለየ አንድ ፈቺ ነገር መኖሩን አረጋግጦ ፔፕሲን ብሎ ሰየመው። በ1870ዎቹ ደግሞ ቪልሄልም ኩነ ከቆሽት የሚመነጨውን ትሪፕሲንን አጠና። ኤንዛይም የሚለውንም ስም ያወጣው ይኸው ሊቅ ሲሆን፣ የቃሉ ምንጭ በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። እንጀራውንም ቆጮውንም በእርሾ ለሚያበስል ሕዝብ ይህ ስያሜ ባዕድ አይሆንም።

በ1902 ኤሚል ፊሸርና ፍራንትስ ሆፍማይስተር በየበኩላቸው አሚኖ አሲዶች በፕሮቲን ውስጥ በምን ዓይነት ማሠሪያ እንደሚያያዙ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ፔፕሲንና ትሪፕሲን የሚቆርጡት ነገር ታወቀ። ቆራጩ ራሱ ከምን የተሠራ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ገና ያከራክር ነበር። ጄምስ ሰምነር በ1926 ዩሪያዝ የተባለውን ኤንዛይም፣ ጆን ኖርዝሮፕ ደግሞ በ1930 ፔፕሲንን በክሪስታል መልክ ለይተው ካወጡ በኋላ ክርክሩ እየረገበ ሄደ፤ ሁለቱም ከዌንደል ስታንሊ ጋር በ1946 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሥጋን የሚፈታው ፔፕሲን ራሱ ልክ እንደ ሥጋው ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ።

ዕውቀቱ ወደ ፋብሪካ የገባው ግን ይህ ክርክር ከመቋጨቱ አስቀድሞ ነው። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ፀጉሩ የተነሣለትን ቆዳ ለማለስለስ ለብዙ ዘመን በውሻና በወፍ ኩስ ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር። ኦቶ ሬም የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት የማለስለሱን ሥራ የሚሠሩት ኤንዛይሞች መሆናቸውን በመገንዘቡ፣ በ1907 ድርጅት አቋቁሞ ከእንስሳት ቆሽት የተዘጋጀ ንጹሕ ማለስለሻ ለገበያ አቀረበ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ይህንኑ ኤንዛይም ለልብስ ማጠቢያ አዋለው። ይሁን እንጂ የቆሽት ኤንዛይም የሳሙናን ባሕርይ በሚገባ አይችልም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዴንማርኩ ኖቮ ኩባንያ ከባክቴሪያ የተገኘና ሳሙናን የሚችል ኤንዛይም ለሽያጭ ካወጣ በኋላ፣ የዓለም ተመራማሪዎች ዓይን ብርቱ አልካላይን በሆነ ስፍራ ወደሚኖሩ ተሕዋስያን ዞረ። እንዲህ ያለው ስፍራ ደግሞ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሞልቷል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት መነሻው ግን ሐይቅ ሳይሆን የአገር ምግብ ነበር። ተመራማሪው ብርሃኑ ጋሼ በ1985 በጤፍ ሊጥ ቡካት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያላቸውን ድርሻ የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። በ1987 ደግሞ ስለ ቆጮ ሁለት ጥናቶችን አወጡ፤ አንደኛው ስለ መብላላቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቆጮን ስለሚያበላሹት ተሕዋስያን ነው። ሊውኮኖስቶክን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ሥራውን እንደሚጀምሩት፣ ኮምጣጣነቱ እየበረታ ሲሄድም ላክቶባሲለስ የተባሉት ተረክበው ከዳር እንደሚያደርሱት በዚህ ጥናት ታየ። የጉራጌ እናቶች በአፍንጫና በጣት የሚለዩት ደረጃ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚያሻቸውን አሚኖ አሲድ ሁሉ ራሳቸው መሥራት ስለማይችሉ፣ በዙሪያቸው ካለው ፕሮቲን በኤንዛይም እየቆረጡ ይመገባሉ። ስለሆነም ቆጮው የሚበላላው በስታርችና በስኳር ለውጥ ቢሆንም፣ ለዋጮቹን በሕይወት ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ የፔፕታይድ ቆረጣ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ብርሃኑ ጋሼና አማረ ገሠሠ ከአንድ የሶዳ ሐይቅ በተገኘ ባክቴሪያ አማካይነት ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም ስለማምረት ጽፈው አሳተሙ። በዚያው ዓመት አማረ ገሠሠ ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ለድኻ አገር ይበልጥ የሚያስደስት ነበር። ባክቴሪያን ለማርባት ከውጭ የሚመጣው ምግብ ውድ ነው፤ እርሳቸው በምትኩ ዘይቱ የተጨመቀለትን የኑግ ፋጉሎ ሰጥተው ኤንዛይሙን አመረቱ። ለከብት መኖ የሚውለው ፋጉሎ ለኢንዱስትሪ ኤንዛይም መሥሪያ እንደሚሆን በዚህ ተረጋገጠ።

በ2003 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከራጅኒ ሃቲ ካውልና ከቦ ማቲያሶን ጋር በመሆን ሁለት አዳዲስ ኤንዛይሞችን ለዓለም አስተዋወቁ። ባክቴሪያዎቹ ያደጉት በዶሮ ላባ ላይ ነው። ላባ ኬራቲን ከተባለ ለመፍታት ከሚያስቸግር ፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ፣ የሚቆርጠው ኤንዛይም ብርቱ መሆን አለበት። ኔስቴሬንኮኒያ ከተባለው ባክቴሪያ የተገኘው ኤንዛይም በተለይ ትኩረትን ሳበ። የዚህ ወገን ኤንዛይሞች ብዙዎቹ ለጽናታቸው ካልሲየም ይፈልጋሉ፤ በሳሙና ዱቄት ውስጥ የሚጨመሩት ውሃ አለስላሽ ኬሚካሎች ደግሞ ካልሲየምን ይዘው ስለሚያስቀሩ ኤንዛይሙ ይደክማል። ይኸኛው ግን ያለ ካልሲየም የሚጸና ሆኖ ተገኘ።

ይህ ግኝት ለጉራጌ ምድር ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለመስቀል ከሚታረዱት ከብቶች የሚሰበሰበው ቆዳ በነጋዴ እጅ አልፎ እንደ ሞጆ ወዳሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ይጓዛል። ፋብሪካዎች ፀጉሩን የሚያነሡት በተለመደው ዘዴ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ከዚህ የሚወጣው ፍሳሽ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸትና ለሕይወት አስጊ ነው። የሞጆ ወንዝም ወደ ቆቃ የሚፈስ ነው። ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም የፀጉሩን ሥር ከቆዳው በማላቀቅ የሰልፋይዱን መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይኸውም መድኃኒቱ ከሕመሙ ብዙም ሳይርቅ በአገሩ ሐይቅ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ሐይቆቹስ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው? ውሃቸው ወደ 10 የሚጠጋ ፒኤች ካላቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል አብያታና ሻላ ይገኙበታል። የመቂ ወንዝ ከቡታጅራ በላይ ካሉት የጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ዝዋይ ይገባል፤ ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ አብያታን ይመግባል። እንግዲህ በተራራው ላይ የእንሰቱን ጓሮ ያረሰረሰው ዝናብ፣ መንገዱ ካልተቋረጠ፣ መጨረሻው ከሶዳ ሐይቅ ነው። መንገዱ ግን እየተቋረጠ መጥቷል። ውሃው ለመስኖ በመጠለፉ፣ ለሶዳ አሽ ምርትም ከራሱ ከሐይቁ በመቀዳቱ፣ አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። ሐይቅ ሲሸሽ ጨዉ ይበረታል፤ ጨዉ ሲበረታም ነዋሪው ይለወጣል። ፔሊካኖች ዓሣ አጥተው ሲሰደዱ ሰው ያያል፤ ባክቴሪያ ሲጠፋ ግን የሚያይ የለም።

የሀብቱ ባለቤትነትም ሌላው ጉዳይ ነው። በጎረቤት ኬንያ በ1992 ከሶዳ ሐይቆች ከተወሰደ ናሙና የተገኘ ኤንዛይም በአንድ የውጭ ኩባንያ ለገበያ ውሎ፣ በ2004 አገሪቱ ድርሻዬን ብላ ጥያቄ ማንሣቷ ይታወሳል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን በሕግ ጥበቃ ሥር አውላለች። ሕጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ውሃ አይሞላም፤ ሐይቁ ከደረቀ የሚጠበቀው ሀብት ሳይታወቅ ያልቃል።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአውሮፓ ከውሻ ኩስ ተነሥቶ ፋብሪካ የደረሰው ዕውቀት፣ በኢትዮጵያ ከቆጮ ጉድጓድ ተነሥቶ ቤተ ሙከራና የዓለም መጽሔት ደርሷል፤ የቀረው ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ የሚወስደው መንገድ ነው። የጉራጌ እናት ጉድጓዷን ከፍታ ቆጮው ከደረሰ ታወጣዋለች፤ ጊዜው ካለፈበት እንደሚበላሽ ታውቃለችና። ስለ ኤንዛይሞቹ የተሠራው ጥናትም ከታተመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳይደርስ አልቀረም።