የኡራኤል መዝገቦችና የእግድ ዕድሜ

በአዲስ አበባ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ ባለው ሰፈር የባለቤትነት ታሪክ የተጻፈው በፋይል ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የሊዝ ሥርዓት ሲመጣ፣ የእያንዳንዱ ይዞታ ዕጣ በመዝገቡ ላይ ተንጠለጠለ። ወራሾች ወይም ባልና ሚስት ሲካሰሱ አንዱ ወገን ቤቱን ቀድሞ ከሸጠው ፍርዱ ባዶ ወረቀት ይሆናል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 መላ ያበጀው ለዚህ ነው፤ ፍርድ ቤት ሙግቱ እስኪቋጭ ወይም ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ ያግዳል። የሚታገደው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ የጎረቤት ቤት እንደ ልብ ይሸጣል፣ ይለወጣል። እግዱ ፍትሐዊ የሚሆነውም እንዲህ ጠባብ በመሆኑና ማብቂያ ስላለው ነው።

ለእግዱ ማብቂያ ቀን ማበጀት አጭበርባሪን ይጠቅማል፣ ቀኑን ጠብቆ ይሸጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን እግዱን ማለቂያ ቢስ ማድረግ አይደለም፤ ምክንያት ያለው ሰው ዳኛው ፊት ቀርቦ ማራዘሚያ ይጠይቅ። ሙግቱ አልቆ እግዱ ሳይነሳ ከቀረ ግን ያልተፈረደበት ሰው ይቀጣል፤ ቤቱን መሸጥም ሆነ አስይዞ መበደር አይችልም። በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 818 የከተማ ይዞታ ምዝገባን ሥርዓት አስይዟል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቅጣት እንዳይደርስ በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ከእግዱ ጎን ያዘዘው ፍርድ ቤት፣ ምክንያቱና እግዱ ዳግም የሚታይበት ቀን አብረው ሊሰፍሩ ይገባል።