የገጠር ውሃ ጥራት ጥበቃ ትምህርት በምዕራብ ጎጃም

የገጠር ውሃ ጥራት ጥበቃ ትምህርት ነዋሪዎች የሚጠጡበትን ምንጭና ጉድጓድ ራሳቸው ከብክለት እንዲጠብቁ የሚሰጥ የማኅበረሰብ ትምህርት ነው። በምዕራብ ጎጃም ትምህርቱ ከውሃ ግንባታና ከጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ጋር ተያይዞ ተስፋፍቷል።

የአካባቢው ሁኔታ

አዴት የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ገጠር ሁሉ በዚህም ዝናቡ የሚበረታው በክረምት ነው። በዚያን ጊዜ ጎርፉ የከብት እበትና በሜዳ የተጣለ ዓይነ ምድር እየጠረገ ባልታጠረ ምንጭ ውስጥ ይከታል። በበጋ ምንጩ ሲመነምን ደግሞ ሰውና ከብት በአንድ ውሃ ይሻማሉ።

ታሪክ

የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራምን በአማራ ክልል የጀመሩት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለው አሠራር ተጨመረ፤ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለነዋሪው የውሃ ኮሚቴ ይሰጥ ነበር፣ ኮሚቴው ዕቃ ይገዛ፣ ቆፋሪና ግንበኛ ይቀጥር፣ ነዋሪውም ጉልበት፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጥቂት ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ራሱ ያሠራውን ጉድጓድ ማጠርና ጥበቃ መቅጠር ለገበሬው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዋሽ የተባለው ፕሮጀክት ይህንኑ አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎች አደረሰው።

የትምህርቱ ይዘት

በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይመደባሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ሰባቱ የግልና የአካባቢ ንጽህናን የሚመለከቱ ነበሩ። ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆና ከበታቹ እንዲቆፈር፣ ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲወጣ፣ የከብት ማጠጫም ለብቻው እንዲሠራ ይመክራሉ።

ሌላው ዘዴ ካማል ካር በባንግላዴሽ የጀመሩት ነው። ነዋሪዎች የመንደራቸውን ካርታ መሬት ላይ ይስላሉ፤ ቤታቸውን፣ ውሃቸውንና የሚጸዳዱበትን ሜዳ ያመለክታሉ፤ ከዚያ ቦታውን በእግር ዞረው ያያሉ። ማንም አይሰብክም፤ ቆሻሻው እንዴት ወደ ውሃው እንደሚደርስ የሚናገሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁሉም ቤተሰብ መጸዳጃ ሲጠቀም ቀበሌው «ከሜዳ መጸዳዳት ነፃ» ይባላል።

ቀሪ ችግሮች

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ጨርሶ እንዳይገኝ ይጠይቃል። ከጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ግን በጄሪካን፣ በእንስራና እጅ በሚነካው መቅጃ ዳግመኛ ይበከላል። ስለዚህ ጄሪካንን በጠጠርና በሳሙና ማጠብ፣ መክደንና እንደ ውሃ አጋር ባለ ክሎሪን ማከም ይመከራል። ማፍላትም ይረዳል፤ ማገዶ በተወደደበት መንደር ግን በየቀኑ የሚያፈላ ቤት ጥቂት ነው።