ቤያታ ሺድዎ

ቤያታ ሺድዎ (የተወለዱት ሚያዝያ 7 ቀን 1955 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 1963) የፖላንድ ፖለቲከኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2015 እስከ ዲሴምበር 2017 ድረስ የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚህ ሥልጣን ላይ የተቀመጡ ሦስተኛዋ ሴት ሲሆኑ፣ ከሳቸው በፊት ሃና ሱሆትስካ (1992-1993) እና ኤቫ ኮፓች (2014-2015) ነበሩ። ሺድዎ ወደ ብሔራዊ ፖለቲካ የገቡት ለሰባት ዓመታት የአንዲት ትንሽ የማዕድን ከተማ ከንቲባ ሆነው ካገለገሉ በኋላ ነው። ከ2019 ጀምሮ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ናቸው። በዚህ መጣጥፍ ከዚህ በታች የሚገኙት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሺድዎ በደቡብ ፖላንድ በኦሽቪየንቺም ከተማ ተወለዱ። ይህች ከተማ በጀርመንኛ ስሟ አውሽቪትዝ ተብላ በዓለም ትታወቃለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ ጀርመን ትልቁ የሞት ካምፕ የነበረው በአጠገቧ ነው። ያደጉት ከከተማዋ ብዙም በማትርቀው በፕሼቼሺን መንደር ሲሆን፣ አባታቸው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። በክራኮቭ በሚገኘው በጥንታዊው የያጊየሎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዝቦች ባህልና ወግ የሚያጠናውን ኢትኖግራፊ ተምረው በ1989 ተመረቁ። ይህ ዓመት በፖላንድ የኮሙኒስት አገዛዝ ያበቃበት ዓመት ነው።

በክራኮቭ የታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከሠሩ በኋላ፣ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው በሊቢዮንዥ ከተማ የባህል ማዕከል፣ ቀጥሎም በ1997 በብዤሽቼ የባህል ማዕከል ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናቸው።

የብዤሽቼ ከንቲባ

በፖላንድ የአካባቢ አስተዳደር ትንሹ እርከን ግሚና ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ወረዳ ጋር በግምት ሊመሳሰል ይችላል። በኮሙኒስት ዘመን ግሚናዎች የማዕከላዊ መንግሥት ቅርንጫፎች ብቻ ነበሩ። በ1990 በወጣው ሕግ የራሳቸው ምክር ቤት፣ በጀትና ንብረት ተሰጣቸው። በጃንዋሪ 1999 ደግሞ ሦስት እርከን ያለው አስተዳደር ተዘረጋ፤ ይኸውም ግሚና፣ ፖቪያት እና ቮይቮድሽፕ (ክፍለ ሀገር) ነው። የክፍለ ሀገሮች ቁጥርም ከ49 ወደ 16 ተቀነሰ። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ ብዙ አዳዲስ ፖለቲከኞች ልምድ ያገኙት በዋርሶ ሳይሆን በየአካባቢያቸው ነበር።

ሺድዎም በ1998 የኦሽቪየንቺም ፖቪያት ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት በ35 ዓመታቸው የብዤሽቼ ከንቲባ ሆኑ። ግሚናው ከ20,000 ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያለው ሲሆን፣ ኢኮኖሚው ለረጅም ጊዜ በከተማዋ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ላይ ተመሥርቶ ቆይቷል።

በዚያን ጊዜ ከንቲባን የሚመርጠው የግሚናው ምክር ቤት ነበር። በ2002 ግን ሕጉ ተለውጦ ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ እንዲመርጥ ተደረገ። በዚያ ዓመት በተካሄደው ምርጫ ሺድዎ በሕዝብ ድምፅ በድጋሚ ተመርጠው እስከ 2005 ድረስ በሥልጣኑ ቆዩ።

ወደ ሴይም

በ2005 ሕግና ፍትሕ የተባለውን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ተቀላቀሉ። ፓርቲው በ2001 በመንትዮቹ ወንድማማቾች በሌህ ካቺንስኪና በያሮስዋቭ ካቺንስኪ የተመሠረተ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ 460 መቀመጫዎች ላሉት ለታችኛው ምክር ቤት (ሴይም) ተመረጡ። በፖላንድ ሕግ አንድ ሰው ከንቲባም የሴይም አባልም መሆን ስለማይችል የከንቲባነቱን ሥልጣን ለቀቁ። በ2007 እና በ2011 እንደገና ተመርጠዋል።

በኤፕሪል 2010 ፕሬዚዳንት ሌህ ካቺንስኪ በስሞሌንስክ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ከብዙ ባለ ሥልጣናት ጋር ሞቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ በጁላይ 2010 ሺድዎ የፓርቲው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። ሆኖም በአገር ደረጃ ብዙ ሰው ያወቃቸው በ2015 ነው። በዚያ ዓመት የአንድዤይ ዱዳን የፕሬዚዳንትነት የምርጫ ዘመቻ መሩ። ዱዳ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ብሮኒስዋቭ ኮሞሮቭስኪን በሁለተኛው ዙር በ51.55 ከመቶ ድምፅ አሸነፉ።

በቀጣዩ ወር ሕግና ፍትሕ ፓርቲ ሺድዎን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ዕጩ አደረገ። በአውቶቡስ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ቀሰቀሱ። የማዕድን ጉዳይም በዚህ ዓመት የአገር መነጋገሪያ ነበር፤ በጃንዋሪ 2015 የኤቫ ኮፓች መንግሥት ሊዘጋቸው ካቀዳቸው አራት ማዕድኖች አንዱ የብዤሽቼ ማዕድን ስለነበር ሠራተኞቹ ከመሬት በታች ሆነው ተቃውሞ አሰምተዋል። ማዕድኑ በመጨረሻ ሳይዘጋ ታውሮን ለተባለው የኃይል ኩባንያ ተላለፈ።

በኦክቶበር 25 ቀን 2015 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው 37.58 ከመቶ ድምፅ አግኝቶ 235 መቀመጫ ያዘ። ከ1989 ወዲህ አንድ ወገን ያለ ጥምረት መንግሥት ለመመሥረት የሚያስችለውን አብላጫ መቀመጫ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የግራ ክንፍ ፓርቲዎች ጥምረት ለጥምረቶች የተቀመጠውን የ8 ከመቶ ዝቅተኛ ገደብ ሳያልፍ በመቅረቱ፣ የሱ ድምፅ ወደ መቀመጫ አለመለወጡ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ማኅበራዊ ፖሊሲ

የሺድዎ መንግሥት ኖቬምበር 16 ቀን 2015 ቃለ መሐላ ፈጸመ። በጣም የታወቀው ሥራው «ቤተሰብ 500 ፕላስ» የተባለው መርሐ ግብር ነው። ከአፕሪል 2016 ጀምሮ ከሁለተኛው ልጅ አንስቶ ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በየወሩ 500 ዝወቲ (በዚያን ጊዜ ወደ 115 ዩሮ) ይሰጥ ነበር። ለመጀመሪያ ልጅ የሚከፈለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ብቻ ነበር፤ በ2019 ግን ለሁሉም ልጆች ሆነ። ደጋፊዎች የልጆችን ድህነት እንደሚቀንስ ሲናገሩ፣ ተቺዎች ደግሞ የበጀቱን ክብደትና እናቶችን ከሥራ ገበያ ሊያርቅ መቻሉን አንሥተዋል።

መንግሥቱ የጡረታ ዕድሜንም መለሰ። የዶናልድ ቱስክ መንግሥት በ2012 ለወንዶችም ለሴቶችም ቀስ በቀስ ወደ 67 ዓመት እንዲያድግ አድርጎት ነበር፤ ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ለሴቶች 60፣ ለወንዶች 65 ዓመት ሆነ።

የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ክርክር

የሥልጣን ዘመናቸው ትልቁ ውዝግብ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትን የሚመለከት ነው። የቀድሞው ሴይም ሥራውን ከማብቃቱ በፊት አምስት ዳኞችን መርጦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ራሱ የሦስቱ ምርጫ ሕጋዊ፣ የሁለቱ ግን ሕገ ወጥ መሆኑን ወሰነ። ፕሬዚዳንት ዱዳ አምስቱንም ሳያስምሉ ቀሩ፤ አዲሱ ሴይምም በምትካቸው የራሱን አምስት ዳኞች መረጠ። በዲሴምበር 2015 የፍርድ ቤቱን አሠራር የሚለውጥ ሕግ ወጣ። በማርች 9 ቀን 2016 ፍርድ ቤቱ ይህ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ።

በፖላንድ የዚህ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሥራ ላይ የሚውለው በመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ሲታተም ነው፤ ማሳተም ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ ነው። የሺድዎ መንግሥት ዳኞቹ ሥርዓቱን ጠብቀው አልፈረዱም በማለት ውሳኔውን ሳያትም ቀረ። ስለዚህ ጥያቄው ከዳኞች ሹመት አልፎ «ፍርድ ቤት የወሰነውን መንግሥት ላለማተም ይችላል ወይ?» ወደሚል ደረሰ። የአውሮፓ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2016 የሕግ የበላይነት መከታተያ ሥርዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በፖላንድ ላይ ጀመረ። መንግሥቱ ይህን በአገር ውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ነው አለ። በጁላይ 2017 ደግሞ በብዙ ከተሞች ሰልፍ ከተደረገ በኋላ ፕሬዚዳንት ዱዳ የፍርድ ቤቶችን አደረጃጀት ከሚለውጡ ሦስት ሕጎች ሁለቱን አልፈርምም ብለው መለሱ።

ሌሎች ጉዳዮች

በኦክቶበር 2016 ፅንስ ማስወረድን ሙሉ ለሙሉ ሊከለክል የነበረ ረቂቅ ሕግ ሴቶች ጥቁር ለብሰው ከተቃወሙት በኋላ በሴይም ውድቅ ሆነ። በማርች 2017 የአውሮፓ ምክር ቤት ዶናልድ ቱስክን በፕሬዚዳንትነት በድጋሚ ሲመርጥ፣ ከ28 አገሮች የተቃወመችው የቱስክ የራሱ አገር ፖላንድ ብቻ ነበረች።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የፓርቲው ሊቀ መንበር ያሮስዋቭ ካቺንስኪ የመንግሥት ሥልጣን ሳይኖራቸው ዋናውን ውሳኔ ይሰጣሉ የሚል አስተያየት በሰፊው ይሰማ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 2017 ተቃዋሚዎች ያቀረቡት የመተማመኛ ድምፅ የመንፈግ ሐሳብ በሴይም ወደቀ። ሆኖም በዚያው ቀን ሺድዎ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ፓርቲው የገንዘብ ሚኒስትሩን ማቴኡሽ ሞራቪየትስኪን ተካ።

ከዚያ በኋላ

እስከ ጁን 2019 የማኅበራዊ ጉዳዮች ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቆዩ። በዚህ ሥልጣን በ2019 የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ጊዜ ከማኅበራቱ ጋር በመንግሥት ስም ተደራደሩ። በሜይ 2019 ለአውሮፓ ፓርላማ ሲወዳደሩ 525,811 ድምፅ አገኙ፤ ይህም በፖላንድ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ታሪክ እስከዚያ ከተሰጠው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በፓርላማው ግን የሥራና ማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ለመሆን ሁለት ጊዜ ቀርበው ሁለቱንም ጊዜ ሳይመረጡ ቀሩ። በ2021 የአውሽቪትዝ ቢርከናው ሙዚየም አማካሪ ምክር ቤት አባል ሆነው ሲሾሙ፣ ጥቂት አባላት ሙዚየሙ ከፖለቲካ መራቅ አለበት በማለት ለቀቁ። በ2024 ለአውሮፓ ፓርላማ በድጋሚ ተመርጠዋል።