ስለ አቂላና ስለ ጵርስቅላ ታሪክ

ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በእንጨት መታነጽ ከመጀመርዋ አስቀድሞ በምእመናን ቤት ትሰበሰብ እንደ ነበረች የሐዋርያት መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ቤታቸውን ለማኅበር ከሰጡት ሰዎችም መካከል በቆሮንቶስ፥ በኤፌሶንና በሮሜ ስማቸው የታወቀ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነዚህም አቂላና ጵርስቅላ ናቸው። የዘመኑ ቍጥር በዚህ ጽሕፈት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አቂላ በወገኑ አይሁዳዊ ሲሆን አገሩ ጳንጦስ ነበረ፤ ይኸውም ከጥቁር ባሕር በስተ ደቡብ ያለው፥ ዛሬ የቱርክ ግዛት የሆነው ምድር ነው። ስሙ ግን ሮማይስጥ ነው፤ ትርጓሜውም ንስር ማለት ነው። የሚስቱም ስም ጵርስቅላ የጵርስቃ ማቈላመጫ ሲሆን ከሮማይስጡ ሲተረጐም ጥንታዊት ማለት ይሆናል። ንስር የተባለው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ከባሕር ወደ ባሕር ሲበር መኖሩን የቅኔ ሰው ቢያገኘው ሰምና ወርቅ ሳያደርገው አይቀርም ነበር።

እነዚህ ሰዎች በሮሜ ተቀምጠው ሳሉ ንጉሡ ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከከተማው ይውጡ ብሎ አዘዘ። የሮማው ጸሐፊ ስዌቶንዮስ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ሁከቱ የተነሣው ክሬስጦስ በሚባል ሰው ምክንያት ነው ይላል። ብዙዎች ሊቃውንትም ይህን ስም ክርስቶስ ማለት ነው፥ ጸሐፊው ሰምቶ ተሳስቶ ነው ብለው ተርጕመውታል፤ ነገሩም የሚመስል ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ኦሮስዮስ ትእዛዙን በቀላውዴዎስ በ9ኛው ዓመት ያደርገዋል፤ ይህም 49 ዓመተ ምሕረት ነው። አቂላና ጵርስቅላም ቤታቸውንና ደንበኞቻቸውን ትተው ወጡ፤ ወደ ቆሮንቶስም መጡ።

ቆሮንቶስ በ146 ዓመተ ዓለም ሮማውያን ያፈረሷት፥ በ44 ዓመተ ዓለም ደግሞ ዩልዮስ ቄሣር እንደ ገና እንድትሠራ ያዘዘላት ከተማ ናት። በሁለት ባሕር መካከል ስለ ሆነች ሁለት ወደብ ነበራት፤ በምዕራብ ሌካዮን፥ በምሥራቅ ክንክራኦስ ይባላሉ። መርከብም በየብስ ላይ ይጐተትበት የነበረ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነበረ። ስደተኛ የእጅ ባለሙያ እንጀራ የሚያገኝባት ከተማ ነበረች።

ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበረ። ድንኳኑ ከቈዳ ነበረ ወይስ በኪልቅያ ከሚሠራው ከፍየል ጠጕር ጨርቅ ነበረ፥ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ጳውሎስ የተወለደባት ጠርሴስ በኪልቅያ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ብዙዎች ወደ ፍየሉ ጠጕር ያዘነብላሉ። ያም ሆነ ይህ መርፌና ወስፌ ይዞ ጐንብሶ መዋልን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በሮማውያን መኳንንት ዘንድ የእጅ ሥራ የተናቀ ነበረ፤ ታላቁ ተናጋሪ ኪኬሮ የእጅ ሠራተኞችን ሁሉ ከተዋረዱት ጋራ ቈጥሯቸዋል። በእኛም አገር ሸማኔና ፋቂ፥ ቀጥቃጭም እየተባለ ባለ እጅ ሲሰደብ እንደ ኖረ፥ ዳግማዊ ምኒልክም ይህን ስድብ በዐዋጅ እንደ ከለከሉ የታወቀ ነው። በአይሁድ ዘንድ ግን አባት ለልጁ ኦሪትን እንደሚያስተምር ሁሉ ሥራም ያስተምረው ዘንድ ግዴታው ነበረ። ጳውሎስ ከአቴና ብቻውን ወደ ቆሮንቶስ በመጣ ጊዜ ከእነዚህ ሰዎች ቤት ያገባው ይህ አንድ ሥራ መሆናቸው ነው። ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ ሲሰፋ ሰነበተ፤ በሰንበትም በምኵራብ ያስተምር ነበር። በከተማይቱም 1 ዓመት ከ6 ወር ቈየ።

ይህ ዘመን መቼ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ድንጋይ በዴልፊ ተገኝቶ በ1905 ታተመ። በድንጋዩ ላይ የቀላውዴዎስ ደብዳቤ ተቀርጿል፤ በደብዳቤውም ውስጥ የአካይያ ገዥ ጋልዮስ ተጠርቷል። ጋልዮስ የፈላስፋው የሴኔካ ወንድም ነው፤ አይሁድ ጳውሎስን የከሰሱትም በፊቱ ነበረ። ከዚህም የተነሣ ግዛቱ 51 ወይም 52 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ጳውሎስ ከክንክራኦስ በመርከብ ሲሄድ አቂላና ጵርስቅላ አብረውት ሄዱ። ከሮሜ ያስወጣቸው ንጉሥ ነበረ፤ ከቆሮንቶስ ግን ያስወጣቸው ማንም የለም። ሁለት ዓመት ያህል የደከሙበትን ሥራና ያበጁትን ቤት በገዛ ፈቃዳቸው ትተው ወጡ፤ ይህኛው መውጣት ከፊተኛው ይበልጣል። ጳውሎስ በኤፌሶን ተዋቸውና መንገዱን ቀጠለ፤ እነርሱም በማያውቁት ከተማ እንደ ገና ሥራቸውን ጀመሩ።

በዚያም ወራት አጵሎስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው፥ አንደበተ ርቱዕና በመጻሕፍት የበረታ፥ ወደ ኤፌሶን መጣ። የሚያውቀው ጥምቀት ግን የዮሐንስ ጥምቀት ብቻ ነበረ። በቅኔ ጉባኤ ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ እዚያው በጉባኤው ፊት ያቃናል፤ ተማሪውም ቢያፍር ለትምህርቱ ነው። እነዚህ ግን አጵሎስን በምኵራብ መካከል አልተከራከሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወሰዱትና ነገሩን በጥንቃቄ ገለጡለት። ሊቁን ያቃኑት ድንኳን ሰፊና ሚስቱ ናቸው። እርሱም ተቀብሎ ወደ አካይያ ተሻገረ፥ በዚያም ለብዙዎች ጠቀመ።

በሐዲስ ኪዳን የሁለቱ ስም 6 ጊዜ ይገኛል፤ በብዙው ስፍራም የሚስቲቱ ስም ይቀድማል፥ በአንዱ ስፍራ ግን ቅጂዎች ይለያያሉ። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው፤ ጵርስቅላን ከባልዋ ያስቀደማት በከንቱ አይደለም ብሎ አስተምሯል፤ ስለ ሁለቱም ብቻ የተናገራቸው ድርሳናት አሉ። ጀርመናዊው ሐርናክ ደግሞ በ1900 የዕብራውያንን መልእክት የጻፈች ጵርስቅላ ሳትሆን አትቀርም እስከ ማለት ደርሷል፤ ለዚህ ግን ምስክር አላቀረበም፥ ቤተ ክርስቲያናችንም መልእክቱን ለጳውሎስ ትሰጣለች።

ቀላውዴዎስ በ54 ሞቶ ኔሮን ነገሠ፤ የተባረሩትም መመለስ ጀመሩ። ጳውሎስ በ57 ገደማ ወደ ሮሜ ሲጽፍ ከሰላምታዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በቤታቸው ማኅበር ነበረ፤ በኤፌሶንም እንዲሁ እንደ ነበረ ለቆሮንቶስ የተጻፈው መልእክት ያስረዳል። በዚሁ በሮሜው መልእክት ስለ ጳውሎስ ነፍስ አንገታቸውን ለሰይፍ እንዳቀረቡ ተጽፏል። ኤፌሶን በአንጥረኛው በድሜጥሮስ ምክንያት የታወከባት ከተማ ናትና ብዙዎች ነገሩን ወደዚያ ይወስዱታል። በስደት ያሉ አጥቢያዎች ከሰው ሳሎን ወይም ከተከራዩት አዳራሽ ሲጀምሩ ያየ ሰው፥ ለማኅበር ቤትን መክፈት ምን ያህል ድካም እንዳለበት፥ ወንበር ከማንሣት ጀምሮ ጎረቤት እስከ ማስታገሥ ድረስ፥ ያውቀዋል።

ለመጨረሻ ጊዜ ስማቸው የሚገኘው ለጢሞቴዎስ በተጻፈችው በሁለተኛይቱ መልእክት ነው። ከቀላውዴዎስ ትእዛዝ 15 ዓመት ያህል አልፏል፤ ሁለቱም በዕድሜ ገፍተዋል። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ዐርፎ ሲቀመጥ እነርሱ ሮሜን ዳግመኛ ትተው ወደ ኤፌሶን ተመልሰዋል። ጳውሎስ በሮሜ በእስራት ነው፤ ዴማስ ትቶት ወደ ተሰሎንቄ ሄዷል፥ ከእርሱ ጋራ የቀረው ሉቃስ ብቻ ነው። ክረምት ሳይገባ እንዲደርስለት፥ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱንም እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። ቀጥሎም ለጵርስቅላና ለአቂላ ሰላምታ ይልካል።