ሁለተኛ የምስል መውጫ (ራስፕቤሪ ፓይ)

ራስፕቤሪ ፓይ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ፓይ 4 ሁለት የማይክሮ ኤችዲኤምአይ መሰኪያዎችን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አንድ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነበራቸው። በእነዚያ ላይ ሁለተኛ ስክሪን ለመጨመር ከሚያገለግሉት መንገዶች እጅግ ብልሃት ያለበት 40 የግንኙነት ፒኖች ባሏቸው ሰሌዳዎች ላይ በእነዚሁ ፒኖች በኩል የሚያልፈው ነው። ሰሌዳው ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 6 ቢት ዲጂታል ምልክት ያወጣል፤ ቪጂኤ 666 የተባለው አስማሚ ይህን በሬዚስተሮች ብቻ ወደ አናሎግ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። ውጤቱ 262,144 ቀለማት ነው፤ ለአሮጌ ሞኒተር ከበቂ በላይ። ሆኖም 18ቱ የቀለምና 2ቱ የማመሳሰያ መስመሮች 20 ፒኖችን ስለሚይዙ ለሴንሰር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ብዙ ፒን የሚፈልግ ሥራ ያለው ሰው ፓይ 4ን ቢመርጥ ይሻለዋል።