ከዕቁብ እስከ ዩኒየን

በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የቦረና ደጋ ባንክ ከመግባቱ በፊት ገንዘብ የሚገኘው ከዕቁብ፣ ከዘመድ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ነበር። ዕቁብ ለበሬ መግዣ ይበጃል፤ ዕጣው በሰኔ ካልወጣ ግን ዘር ለጎደለው ገበሬ አይደርስለትም። አራጣ አበዳሪው ይደርሳል፣ አዝመራውንም ይዞበት ይሄዳል።

ለእንዲህ ያለው ችግር መፍትሔ ሲፈልግ ፍሪድሪሽ ራይፋይዘን በ1864 እ.ኤ.አ. በጀርመን ገጠር የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የአገራችንን የመጀመሪያ የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። ገጠሩ ግን ረጅም ጊዜ ጠበቀ።

በደርግ ዘመን ማኅበር ማለት ለብዙ ገበሬ ግዴታና የኮታ እህል ነበር። ይህ ቁስል ቀላል አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃድ አደረገ፤ አክሲዮኑ ቢበዛም ባይበዛም ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን የሚያቋቁሙበትንም መንገድ ከፈተ።

ዩኒየን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የአንድ ቀበሌ አባላት የሚዘሩት በአንድ ወቅት ስለሆነ ብድር የሚሹትም በአንድ ጊዜ ነው፤ በልግ ሲከሽፍም አብረው ይቸገራሉ። በዩኒየን በኩል የመኸር አምራቹ ቀበሌ ያስቀመጠው ገንዘብ ለበልግ አምራቹ ይደርሳል።

በደቡብ ወሎ ወለድም ከባድ ጥያቄ ነው። ከሃይማኖቱ የተነሣ ወለድ የማይነካውን ሙስሊም ገበሬ ለማካተት ማኅበሩ በሬውን ራሱ ገዝቶ፣ በተስማሙበት ትርፍ፣ ዋጋውን ከፋፍሎ እንዲከፍል ሊሸጥለት ይችላል።