የኦክታገን ቃጭሎች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት አለፈኝ። ማታ ማታ ከምጭናቸው እንግዶች መካከል፣ ከዋይት ሐውስ አጠገብ በኒውዮርክ ጎዳናና በ18ኛው መንገድ ጥግ ያለውን ባለ ቀይ ሸክላ ቤት አሳየን የሚሉ አይጠፉም። አይወርዱም፤ በመስኮት አሻግረው ፎቶ ያነሳሉ። የሙታን መንፈስ አለበት ስለሚባል ነው። ያንኑ 18ኛውን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሄደ ሰው አዳምስ ሞርጋን ይደርሳል፤ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት እየከፈቱ ፈረንጁን እንጀራ ያስለመዱበት ሰፈር ነው። በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ ወደ ቤቱ የገባሁት ግን ባለፈው ዓመት ነው።

ወሬው እንዲህ ነው። ከባለቤቱ ልጆች አንዷ የእንግሊዝ መኮንን ወደደች፤ አባቷ ከለከላት፤ ሻማ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ወድቃ ሞተች። ሌላዋ ኮብልላ አግብታ ይቅርታ ልትጠይቅ ብትመለስ፣ እሷም ከዚያው ደረጃ ወደቀች። ሌሊት የሻማዋ ብርሃን ይታያል ይላሉ። ልጆቹ ግን እዚያ ለመሞታቸው አንድም ማስረጃ የለም።

የቤቱን ጌታ ኮሎኔል ጆን ቴይሎን ግን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። በቨርጂኒያ ሰፊ እርሻና ስመ ጥር የውድድር ፈረሶች የነበሩት ሀብታም ነው። ክረምቱን በከተማ ለማሳለፍ ይህን ቤት አሠራ፤ ንድፉን ያወጣው የካፒቶልን የመጀመሪያ ንድፍ ያወጣው ዊሊያም ቶርንተን ነው፤ በ1801 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ቤቱ ኦክታገን ይባላል፤ ስምንት ማዕዘን ማለት ነው፤ ዙሪያውን ሄጄ ብቆጥር ግን ስምንት ጎን አላገኘሁም። መግቢያው ክብ ስለሆነ በሮቹም ከግድግዳው ጋር አብረው ጎብጠዋል። አናጢው እንጨቱን እንዴት አድርጎ እንዳጎበጠው እያሰብኩ አንዱን በር በመዳፌ ዳሰስኩት።

በኦገስት 1814 ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ላይ የነበሩት እንግሊዞች ዋይት ሐውስን ሲያቃጥሉ ይህ ቤት ተረፈ፤ የፈረንሳይ መልእክተኛ ተቀምጦበት ነበር። ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰንና ባለቤታቸው ዶሊ መጥተው ለወራት ኖሩበት። ጦርነቱን የዘጋውን የጌንት ስምምነት ማዲሰን በፌብሩዋሪ 1815 ያጸደቁት ፎቅ ላይ ባለው ክብ ክፍል ነው። በ1902 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ገዛው፤ በ1970 ደግሞ ቤተ መዘክር ሆነ።

እኔን ያቆመኝ ይህ አልነበረም። ሁሉም ፎቶ ከሚያነሳው ከትልቁ ደረጃ ጀርባ ጠባብ ደረጃ አለ። የቤቱ ባሪያዎች በጌቶች ዓይን ሳይታዩ ምግብ፣ ውሃና ማገዶ ተሸክመው የሚወጡባትና የሚወርዱባት ነበረች። ቴይሎ በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ነበሩት፤ ከ10 በላይ የሚሆኑት እዚህ ቤት ያገለግሉ ነበር። ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው። እንደዚህ ባሉ ቤቶች ጌታው ክፍሉ ውስጥ ገመድ ሲስብ፣ በግድግዳ ውስጥ ያለፈ ሽቦ ታች የተሰቀለውን ቃጭል ይደውል ነበር፤ ምድር ቤት ያለው ሰው የሚፈለግበትን ክፍል በድምፁ ይለይ ነበር፤ ሌሊትም ቢሆን ይነሳ ነበር።

ከመናፍስቱ ወሬ ሁሉ የቆየው የእነዚህ ቃጭሎች ነው። የቴይሎ የልጅ ልጅ በማስታወሻዋ፣ አያቷ ከሞቱ በኋላ ቃጭሎቹ ማንም ሳይነካቸው ይጮሁ እንደነበር፣ ሽቦዎቹ ተቆርጠው እንኳ እንዳልተዉ ጽፋለች። አይጥ ነው ያሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያ ቤት የሞቱ ባሪያዎች ናቸው ይላሉ። እኔ ይህን አላምንም። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ድምፅ ሲነሳና ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ተመልሶ ቃጭል የሚደውልበት ምክንያት አይታየኝም።

አያቴ ጎጃም ውስጥ በአንድ ባላባት ጓዳ ተወልዳ ያደገች ናት። እናቷ በገንዘብ የተገዛች ነበረች፤ ከየት እንደመጣች በቤታችን የሚያውቅ የለም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ባላባቱ አያቴን ሲፈልጋት በስሟ አይጠራትም፤ ያጨበጭባል። አርጅታ ዓይኗ ከፈዘዘ በኋላ፣ አክስቴ ስትዳር እኛ ልጆች ዘፈኑን ተከትለን ስናጨበጭብ አያቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች ከመደቡ ተነሳች።

«አቤት!» አለች።

እናቴ ሮጣ ይዛ አስቀመጠቻት። እኛ ሳቅን። ያን ሳቅ በዚያች ጠባብ ደረጃ ፊት ቆሜ አስታወስኩት፤ አፈርኩበትም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን አሳየን ለሚሉኝ ሁሉ ስለ ቴይሎ ልጆች አላወራም፤ ስለ ሽቦውና ስለ ምድር ቤቱ እነግራቸዋለሁ። ዲሲ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እናንተም አንድ ቀን ግቡ። ትልቁን ደረጃ ሳትጠይቁ ታዩታላችሁ፤ ትንሿን አሳዩን በሉ።